ቢጫ አባት

ዮፍታሔ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምላጭ ይዞ በሰው ጉሮሮ ላይ ሲያመላልስ ይውላል። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ አንድም ሰው ቆርጦ አያውቅም፤ በግራ እጁ አንጓ ላይ የታሰረው አምባርም ከጠዋት እስከ ማታ አረንጓዴ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ አስካለ ስታስነጥስ ነው። ያኔ አምባሩ ቢጫ ይሆናል።

አምባሩን የሚያስረው እሱ ብቻ አይደለም። ወላጅ ሁሉ ያስረዋል። ልጁ በተወለደ ዕለት ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር ይሰጣል፤ ልጁ ለአካለ መጠን እስኪደርስ አይወልቅም። ሐሳቡ ደግ ነበር። ሕፃን ፍርሃትን የሚማረው ከወላጁ ፊት ነው ተብሎ ከተደመደመ ወዲህ የወላጅ ፊት የሕዝብ ጤና ጉዳይ ሆኗል። አረንጓዴ የሆነ ወላጅ ልጁን ይዞ የትም ይገባል። ቢጫ የሆነ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ቀይ የሆነ ግን ቤቱ ድረስ ሰው ይመጣለታል፤ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይጨዋወታሉ፤ እንግዳው ሲወጣ ስለ መስተንግዶው በጣም ያመሰግናል።

አስካለ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣችላት እናቷ ሶሊያና ናት። የድሮ ስም ፋሽን በሆነበት ዓመት ስለተወለደች በክፍሏ ውስጥ ሁለት ዘነበች፣ አንድ ወርቅነሽና እጁ የማያርፍ አንድ ደምሴ አሉ። ሶሊያና በርበራ ወደብ ላይ ነው የምትሠራው፤ ወር ሠርታ ሳምንት ቤቷ ትሰነብታለች። እናም መስከረም ላይ አስካለ አንደኛ ክፍል ስትገባ ለትምህርት ቤት የሚያስፈልጋትን መርፌ ይዟት መሄድ በዮፍታሔ ላይ ወደቀ። በዚያ ዘመን አብዛኛው መድኃኒት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሆኖ ነበር። ይኼኛው ግን አልሆነም። መርፌ ያው መርፌ ነው።

ዮፍታሔ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። የትንፋሽ ኮርስ ወስዷል። ከሥራ መልስ መስታወት ፊት ቆሞ «ለስላሳ ፊት» የሚባለውን ሲለማመድ ከርሟል፤ አንድ ቀን አንድ ደንበኛ አይቶት ጥርሱን አሞት እንደሆነ ጠይቆታል።

ሰላማዊ ክንድ የልጆች ክሊኒክ ግድግዳው ሁሉ የደመና ቀለም የተቀባ ነው። እዚያ መርፌ የሚባል ቃል የለም፤ ሰላምታ ነው የሚባለው። ሕመም የሚባልም የለም፤ ስሜት ነው። በር ላይ ለወላጆች የሚታደለው ማሳሰቢያ ልጅ ፊት መነገር የሌለባቸውን ቃላት ይዘረዝራል፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የተቀመጠው «አይዞሽ» ነው። አይዞሽ ማለት የሚያስፈራ ነገር አለ ብሎ መናገር ስለሆነ።

«አስካልዬ፣ ዛሬ ክንድሽ ሰላምታ ይቀበላል፣» አለች ሲስተር ሩሐማ። ረጅም፣ ድምፅዋ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሴት ናት።

«መርፌ ነው?» አለች አስካለ።

«ሰላምታ ነው።»

«እሺ፣ ግን በመርፌ ነው?»

ሲስተር ሩሐማ ፈገግታዋን ሳታጎድል ወደ ዮፍታሔ አንጓ ተመለከተች። ቢጫ ነበር።

«ምንም አይደለም አባቷ፤ በጣም የተለመደ ነው። አቶ ስንታየሁ አሉልን።»

አቶ ስንታየሁ የክሊኒኩ ምትክ አጃቢ ናቸው። ሥራቸው የቢጫ ወላጆችን ልጆች እጅ ይዞ መግባት ነው። ሥራውን ያገኙት በእናታቸው ቀብር ላይ ነው ይባላል፤ ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሳቸው ብቻ የጉድጓዱን ጥልቀት በዓይናቸው ሲለኩ ያየ አንድ የክሊኒኩ ሰው ጠጋ ብሎ ስልካቸውን ጠየቃቸው።

«ሹራብዎን ያውልቁላቸው፣» አለች ሲስተር።

«ለማን?»

«ለአቶ ስንታየሁ። ለጠረኑ ነው። ልጅ ወላጁን በጠረን ነው የሚለየው።»

ዮፍታሔ ሹራቡን አወለቀ። አቶ ስንታየሁ ለበሱት፤ እጅጌው አጠራቸው።

«ሂድ ተቀመጥ ወንድሜ፣» አሉት፣ ቧንቧ ሊጠግኑ የመጡ ይመስል። «አሁን እንወጣለን።»

ከኮሪደሩ በክፍሉ መስታወት በኩል ሁሉም ነገር ይታያል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ዮፍታሔ አስካለ ወንበሩ ላይ ስትወጣ አየ። ወደ በሩ ዞር አለች፤ ከዚያ የሱን ሹራብ የለበሰውን ሰው ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እሷም ቀስ በቀስ ፊቷን እንደሱ አደረገችው። መርፌው ገባ፤ ወጣ። ክንዷ ላይ ኮከብ ተለጠፈላት።

«ዜሮ እንባ!» አለች ሲስተር ሩሐማ ይዛት ስትወጣ።

ሹራቡ ሞቅ ብሎ ነበር የተመለሰለት። ስልኩም ወዲያው መልእክት ተቀበለ፤ የአስካለ ልምድ እጅግ አጥጋቢ እንደነበረ ይገልጻል።

መንገድ ላይ አላስቻለውም። «አመመሽ እንዴ?» አላት።

አስካለ እጁን ገልበጥ አድርጋ አምባሩን አየች።

«አባዬ፣ ቢጫ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«አረንጓዴ ስትሆን እነግርሃለሁ።»

ይህን ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቅ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያስተምሯቸው ተረዳ። በቀለም ክፍለ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ወላጅ አረንጓዴ ከሆነ ይነገረዋል፤ ቢጫ ከሆነ ይጠበቃል። መምህርቷ አስካለ ትምህርቱን ከሁሉም ፈጥና እንደያዘች ነገረችው።

እውነትም ይዛዋለች። ከዚያ በኋላ አስካለ አንድ ነገር ስትሆን ከንፈሯን ገጥማ ትመጣለች፤ አንጓውን ታያለች፤ ትመለሳለች። እሱ ሲከተላት ይብሳል፤ ምክንያቱም መከተሉ ራሱ አምባሩን ወደ ቀይ ያስጠጋዋል። ማታ እራት ላይ «ዛሬ ምን ሆንሽ?» ሲላት «ምንም» ትላለች፤ ደህና ልጅ ሆና ትበላለች፤ ሳህኗን ታነሳለች። ጎረቤቶች እንዲህ ዓይነት ጨዋ ልጅ አይተው እንደማያውቁ ይነግሩት ነበር።

መፍትሔውን ያመጣለት ደንበኛው ኢዮሲያስ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ አምባሩ ከአረንጓዴ ንቅንቅ ብሎ የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን ፂሙን እየተላጨ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ።

«'ጸጥ' ይባላል። ጠዋት አንድ ፍሬ ነው።»

«ሕጋዊ ነው?»

«ሕገወጥ አይደለም፣» አለ ኢዮሲያስ። «ዮፍቲ፣ አንተ እኮ ሰው ልታስቀይም አትወድም። ለልጅህ ብለህ ዋጠው።»

ዮፍታሔ ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሞከረው። ቀኑ ደስ የሚል ቀን ነበር። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል፤ አስካለ የዘይቱን ዛፍ ላይ ትንጠላጠላለች። ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማ። ልጁ በጉልበቷ ስትወድቅ አየ። ደሙ ወደ ካልሲዋ ሲወርድ አየና ደም እንዲህ ደማቅ መሆኑን አስቦ እንደማያውቅ አሰበ። ቁስሉ መታጠብ እንዳለበት ተገነዘበ። ከዚያ የብርቱካኑን ልጣጭ ሳይበጥስ ለመጨረስ ቀጠለ።

አስካለ እያነከሰች መጣች። አንጓውን አየች። ፊቷ በራ።

«ጎበዝ አባዬ!» አለችውና ወደ ቧንቧው ሄዳ ጉልበቷን ራሷ አጠበችው።

ምንም አልነገረችውም። አረንጓዴ ስትሆን እነግርሃለሁ ያለችው ልጅ፣ አረንጓዴ ሲሆን የምትነግረው ሰው አላገኘችም።

እሑድ ጠዋት መድኃኒቱ ለቀቀው። ካልሲው ላይ የደረቀውን ደም ሲያይ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ የቀረውን ፍሬ ሁሉ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋው። አምባሩ ቀይ ነበር። ሰኞ አንዲት ጨዋ ሴት መጥታ ሻይ ጠጣች።

«ልጅዎን በጣም ነው የሚወዷት፣» አለችው ስኒውን እያስቀመጠች፣ በሐዘኔታ። «እሱ ላይ አብረን እንሠራለን።»

ጥር ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለ። አስካለ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ተገኝታለች፤ ትኩሳቷ ከፍተኛ ነው። ዮፍታሔ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሐኪሙ ጆሮዋን ሲያየው ውስጡ መግል ቋጥሯል።

«ይሄ የዛሬ አይደለም፣» አለ ሐኪሙ። «ሳምንት አልፎታል። እንዴት ነው አንዴም ያላለቀሰችው?»

ዮፍታሔ ልጁን አቅፎ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አስኩ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠበቅኩህ እኮ፣» አለች፣ እንደተበደለ ሰው። «ማታም እየተነሳሁ አይቼሃለሁ። ተኝተህም ቢጫ ነበርክ።»

የታዘዘላት መድኃኒት በመርፌ የሚሰጥ ነው፤ በየቀኑ፣ ሕመሙ እስኪለቃት። ለሶሊያና በስልክ ሲነግራት ከጀርባዋ የወደቡ ክሬኖች ይጮኻሉ።

«አቶ ስንታየሁ ይዘዋት ይግቡ እንጂ፣ ዮፍቴ። ምን ችግር አለው? ከሳቸው ጋር አታለቅስም አላልከኝም?»

«ችግሩ እሱ ነው፣ ሶል።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«አላውቅም።»

በማግስቱ ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱም አላወቀም ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ስክሪን ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀው፤ ታካሚ ነዎት ወይስ አጃቢ? ዮፍታሔ እጁን ሰደደና መሃል ላይ አቆመው። ከስክሪኑ በላይ የታካሚዎች መብት ተሰቅሏል። ግድግዳ ላይ ስለሆነ አንብቦት አያውቅም። ታካሚ ስለ ሕክምናው የመጠየቅ መብት አለው። ታካሚ የመፍራት መብት አለው።

አስካለ እጁን ሳበችው። አቶ ስንታየሁ ከወዲያ ብቅ ብለው ሹራቡን ለመቀበል ክንዳቸውን ዘርግተዋል።

ዮፍታሔ «ታካሚ» የሚለውን ተጫነ።

«ተሳስተዋል መሰለኝ፣» አለች ሲስተር ሩሐማ። «ታካሚዋ እሷ ናት።»

«እኔም ነኝ። መርፌ ልወጋ ነው የመጣሁት።»

«የምን መርፌ?»

«ያላችሁን።»

ሲስተር ሩሐማ ስክሪኑን ጎረጎረች። ተስፋ ያደረገችው ምንም እንዳይገኝ ነበር፤ ተገኘ።

«የቴታነስ ማጠናከሪያዎ ጊዜው አልፏል፣» አለች ቅር እያላት። «ለአዋቂ ግን ልጣፍ አለን። ስሜት የለውም።»

«በመርፌ ይሁንልኝ። እሷ በምትወጋበት ክፍል፣ ከእሷ ጋር። የቤተሰብ ታካሚ የሚባል የለም?»

«አለ። ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አቶ ዮፍታሔ፣ ይሄ እኮ መዝገብዎ ላይ ይገባል። ቀይዎም አለ። ከእንግዲህ አጃቢ መሆን ላይፈቀድልዎ ይችላል።»

«እስካሁንስ ተፈቅዶልኝ ያውቃል?»

ሲስተር ሩሐማ እጇን ዘረጋች። «እንግዲያው አምባሩን ልፍታው። ታካሚ አምባር አስሮ አይገባም።»

አምባሩ ሲወልቅ ሥሩ የነበረው ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ገርጥቶ ወጣ። አስካለ እንደ ልማዷ አንጓውን አየች። ባዶ ነው። እጁን ገልብጣ በሌላኛው ወገን ፈለገች። የምታይበት ስታጣ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባዬ፣ ፈርተሃል እንዴ?»

የኮርሱ ትንፋሽ፣ ለስላሳው ፊት፣ የማሳሰቢያው ቃላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አሉት። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ መርፌ ተወግቶ እንደማያውቅም ትዝ አለው።

«አዎ፣» አላት። «በጣም።»

«ከእኔ ይበልጥ?»

«አላውቅም። አንቺ ፈርተሻል?»

«እኔም በጣም ፈርቻለሁ። ያማል?»

ሲስተር ሩሐማ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ያማል፣» አለ ዮፍታሔ። «ከዚያ ይተዋል።»

ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ይነካካል። አስካለ ጉዳዩን ተረክባለች።

«መጀመሪያ አንተ። መርፌውን አትየው፣ እኔን እየኝ። እግርህን አወዛውዝ። እንደዚህ።»

እግሩን አወዛወዘ። መርፌው ሲገባ ቀኑን ሙሉ ምላጭ ይዞ የሚውለው ሰው «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ።

«አይዞዎት!» አለች ሲስተር ሩሐማ። ቃሉ ከስንት ዓመት በኋላ ከአፏ አምልጦ ወጥቷል። አፏን በክንዷ ሸፈነች።

አስካለ ሳቀች። ወንበሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቀች። ከዚያ የሷ ተራ ደረሰ፤ የአባቷን ሁለት አውራ ጣቶች ጨምድዳ ያዘች፤ መርፌው ገባና የመስከረሙም፣ የጉልበቷም፣ የጆሮዋም ለቅሶ በአንድነት መጣ።

ጩኸቷ በመስታወቱ አልፎ ተሰማ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ወላጆች አምባር ከዳር ጀምሮ ተራ በተራ ቢጫ ሆነ። ልጆቻቸው ማንን እንደሚያዩ ግራ ገባቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ «እማዬ፣ ሰላምታው ያስለቅሳል እንዴ?» ብሎ ጠየቀና የእናቱ አምባር ከቢጫም አለፈ። አቶ ስንታየሁ ብቻ ባሉበት ነበሩ። መስታወቱን አንኳኩ።

«ሹራቡ ዛሬ አያስፈልግም ማለት ነው?» አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብለው። መልስ የሚሰጣቸው ሲያጡ ሰዓታቸውን አይተው ምሳ ሄዱ።

ዮፍታሔ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እስኪበቃት እንድታለቅስ ተዋት። እሱም አለቀሰ፤ ክንዱ ስላመመው ይሁን በሌላ ምክንያት መዝገቡ አይገልጽም። መዝገቡ የሚገልጸው የአስካለ ልምድ አጥጋቢ እንዳልነበረ፣ ለዚህም ክሊኒኩ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ የታካሚ ዮፍታሔ ጩኸት ደግሞ መካከለኛ እንደነበረ ነው።

«ነገም መርፌ አላት፣» አለች ሲስተር ሩሐማ አምባሩን መልሳ ስታስርለት። አምባሩ ሳይዘገይ ቢጫ ሆነ። «እርስዎ ግን ሌላ የሚወጉት የለዎትም። ያለዎት አንድ ቴታነስ ብቻ ነበር።»

ዮፍታሔ አሰበ።

«የእብድ ውሻ መርፌ ስንት ቀን ነው የሚሰጠው?»

«ብዙ ቀን ነው። ውሻ ነክሶዎት ያውቃል?»

«እስከ ነገ ይነክሰኛል።»

ሲስተር ሩሐማ ማሳሰቢያው የሚያዘውን ፈገግታ ለማሳየት ሞከረች፤ የወጣው ግን ሌላ ፈገግታ ነበር። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ ለነገ ጠዋት ሁለት ታካሚ መዘገበች።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ፤ ሁለቱም አንድ አንድ ክንዳቸውን ደግፈው። ትንሽ እንደሄዱ አስካለ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ጀመረች።

«ታውቃለህ አባዬ፣ በፊት የተወጋሁ ቀንም አሞኝ ነበር። ያ ሰውዬ እጄን ሲይዘኝ እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያንተ ሹራብ ግን አንተን ይሸታል፣ አስጠላኝ። ከዚያ ደግሞ ጫማዬ ጠበበኝ። ከዚያ ደምሴ ደረጃው ላይ ገፈተረኝ፤ ሳያውቅ አይደለም፣ አውቆ ነው። እማዬ የሄደች ቀን ደግሞ ሆዴን አመመኝ፣ ግን ሆዴ አልነበረም። ሐይቁ ጋ ያሉትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን ደግሞ እፈራቸዋለሁ፤ አልፈራም ብዬህ ነበር፣ እፈራለሁ...»

ዮፍታሔ በእያንዳንዱ እየደነገጠ፣ በእያንዳንዱ «እህ? ከዚያስ?» እያለ ተከተላት። አምባሩ በእጅጌው ሥር ቀይም ቢጫም እየሆነ ነበር፤ አላየውም።

በራቸው ላይ ሲደርሱ የአስካለ ወሬ ገና ጥቅምት ወር ላይ ነበር። ቁልፉን አውጥቶ የነበረው ዮፍታሔ መልሶ ኪሱ ከተተውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።